አሮጌ ላፕቶፕ ለሚያስቸግራችሁ የአዳማ ሰዎች፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት የሞባይልና የኮምፒውተር ጥገና ሱቆች በአንዷ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ በሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት አለ። ይህን የምጽፈው እሱን ለማመስገን ነው። ላፕቶፔን ሠርቶልኛል፤ የበለጠ ያስደነቀኝ ግን ምን ላይ ገንዘብ ማውጣት እንደሌለብኝ የነገረኝ ነገር ነው። ስሙና ስልኩ አደባባይ ላይ እንዲለጠፍ ስላልፈለገ፣ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እልክላችኋለሁ።

ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው አይጠፋምና መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ሥራዬ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው፤ የጥሪ ካርድና ባነርም እሠራለሁ። ላፕቶፑ አርጅቷል፣ በጊዜው ግን ደህና ከሚባሉት ነበር፤ ሁለት ግራፊክስ፣ ማለትም ምስሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣ ክፍል፣ አለው። አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው የኢንቴል ነው፣ ሌላው ለከባድ ሥራ ተብሎ ቦርዱ ላይ ለብቻው የተቀመጠ፤ ከዚህ በኋላ «ካርዱ» የምለው እሱን ነው። ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ ብጽፍበት ምንም አይለውም። ፎቶሾፕ ላይ ትልቅ ባነር ስከፍት ግን ስክሪኑ ጥቁር ይልና ይመለሳል፤ ጥግ ላይ የስክሪኑ ድራይቨር (ዊንዶውስንና ግራፊክሱን የሚያግባባው ፕሮግራም) ቆሞ እንደነበርና እንደተመለሰ የሚናገር መልእክት ብቅ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊው ስክሪን ይመጣና ሥራዬን ይዞ ይሄዳል። ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ሰሞን ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የሙሽራው ስም ተጽፎ የሙሽሪት ሳይጻፍ ሁሉም ድርግም!

እሱ ጋ ከመድረሴ በፊት ሌሎችም አይተውት ነበር። አንዱ «ፎርማት ያስፈልገዋል» አለ፤ ተደረገ፣ ለውጥ የለም። (ይቺ ፎርማት የምትባል ነገር በከተማችን እንደ ራስ ምታት ክኒን ለሁሉም ትታዘዛለች።) ሌላው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ቦርዱ ሞቷል» ብሎ የጠራልኝ ዋጋ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚያስገዛ ነበር።

ይህ ልጅ መፍቻውን አላነሳም። «እትዬ፣ ምን ሲሠሩ ነው የሚጠፋው? ሲጽፉ ጠፍቶ ያውቃል? ቻርጀር ሲሰኩና በባትሪ ሲሆን ልዩነት አለው?» እያለ ጠየቀኝ። ቀጥሎ ዊንዶውሱ ውስጥ የተመዘገቡትን ስህተቶች በየሰዓታቸው ከፍቶ አሳየኝ። 4101 የሚል ቁጥር ተደጋግሞ ተጽፏል፤ የስክሪኑ ድራይቨር መልስ መስጠት አቁሞ እንደተነሳ የሚመዘገብበት ቁጥር ነው። ሰማያዊው ስክሪን የተወው ፋይል ላይ ያለው ደግሞ 116 ነበር፤ እሱም የግራፊክስ ነው። አሠራሩን እንዲህ አስረዳኝ፦ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ፣ ግራፊክስ ካርዱ የተሰጠውን ሥራ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልጨረሰ ዊንዶውስ ተንጠልጥሏል ብሎ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል። ጥቁር ብሎ የሚመለሰው ያኔ ነው። መነሳት ካቃተው ሁሉንም ነገር ያቆመዋል፤ ሰማያዊው ይመጣል። «ሰማያዊው ስክሪንማ ተናጋሪ ነው፣ እትዬ። ካርዱ ለምን ዝም አለ? እሱን ነው የምንፈልገው» አለኝ።

ከዚያ ከደብተር ላይ አንድ ቅጠል ቀደደና ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ጻፈ። ራም። ሃርድ ዲስክ። ስክሪንና ገመዱ። ድራይቨር። ሙቀት። መጨረሻ ላይ ካርዱ ራሱ። አንዱን ባጣራ ቁጥር ከጎኑ «አይደለም» ብሎ ይጽፍና ለምን እንዳልሆነም ይጨምርበታል። ወረቀቱ አሁንም እኔ ጋ አለ። ዕቃ ሳይሠራ «ሠርቼዋለሁ» የሚል ሞልቷል፤ ያልሆነውን ጽፎ የሚሰጥ ግን እኔ ሌላ አላየሁም።

ራሙን ሌሊቱን ሙሉ በሜምቴስት ሲፈትነው አደረ፤ ንጹሕ። ሃርድ ዲስኩም ደህና። ቀጥሎ ሴፍ ሞድ ላይ አዋለው። ሴፍ ሞድ የካርዱን ድራይቨር ትቶ በዊንዶውሱ መሠረታዊ የስክሪን ድራይቨር ብቻ ስለሚነሳ፣ እዚያ ላይ ሳይጠፋ ከዋለ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨሩና ወደ ካርዱ ይጠጋል። ሳይጠፋ ዋለ። አንዳንዴ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብና መስመር ይመጣ ስለነበር በቪጂኤ ገመድ ሌላ ሞኒተር ሰካበት፤ መስመሩ እዚያም ወጣ። ስክሪኑና ገመዱ በዚህ ነጻ ወጡ። አንደኛው ሱቅ «ስክሪን ይቀየር» ሳይለኝ መቅረቱ ዕድሌ ነው።

ድራይቨሩ ላይ ጊዜ ወሰደ። አዲስ የወጣ ድራይቨር ለአሮጌ ካርድ ሁልጊዜ አይበጅም። ለምሳሌ ፌርሚ የሚባለው የኤንቪዲያ ካርድ ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በአዳዲሶቹ ድራይቨሮች ውስጥ የለም። ሁለት ግራፊክስ ባላቸው አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚስማማው የላፕቶፑ አምራች ለዚያው ሞዴል ብሎ ያወጣው ነው። ስለዚህ ሴፍ ሞድ ገብቶ ዲዲዩ በሚባለው ፕሮግራም የድሮውን ከነርዝራዡ ጠርጎ አወጣ፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ ለሞዴሉ የሚሆነውን ጫነ። ተሻለው እንጂ አልዳነም። ወረቀቱ ላይ «በከፊል» ተብሎ ተጻፈ።

ክዳኑን የከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የአዳማን አቧራ ታውቁታላችሁ። ያ ከከተማው ዳር የንፋስ ኃይል ማመንጫውን የሚያሽከረክረው ነፋስ እኮ በየሱቃችንም ይገባል። ከፋኑ ጀርባ ያለው የሙቀት ማስወጫ በአቧራ ተደፍኗል፣ ቺፖቹ ላይ የተቀባው ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጠረገው፣ አዲስ ቀባው። ከ90 ዲግሪ በላይ ይወጣ የነበረው ሙቀት 70 አካባቢ ረጋ። ባነሩም ከበፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ፤ በመጨረሻ ግን ጠፋ። ይህም «በከፊል»።

የቀረችው የመጨረሻዋ መስመር ናት። ዲቫይስ ማኔጀር (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚዘረዘሩበት የዊንዶውስ ገጽ) ውስጥ ገብቶ ተጨማሪውን ካርድ ዘጋው፣ ሥራውን ሁሉ ለኢንቴሉ አስረከበ፣ ከእኔ ፋይሎች ትልቁን ባነር ከፍቶ ወዲያ ወዲህ እያደረገ አሠቃየው። ፀጥ ብሎ ሠራ።

«ካርዱን በሙቅ አየር ቢመቱት ይነሳል ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኩት። ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እያየሁት ነው። «ይነሳል፣ አሁኑኑ ልመታው እችላለሁ። ገንዘብዎንም እቀበላለሁ። ግን ከሳምንታት ወይ ከወራት በኋላ እዚሁ ተመልሰው ይመጣሉ» አለኝ። ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ቺፑ ውስጥ ያለው ረቂቅ የብየዳ ነጥብ ነው፤ ዓመታት ሙሉ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ይደክማል። ሙቀት ለጊዜው ያገናኘዋል እንጂ አይጠግነውም። ነገሩ የተራ ሱቅ ወሬ እንዳይመስለኝ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ኤንቪዲያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 በላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ ለደረሰው እንዲህ ያለ ብልሽት ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብ ማስታወቁን፣ አፕልም በ2015 ግራፊክሳቸው ለተበላሸ ማክቡክ ፕሮዎች የነጻ ጥገና መክፈቱን ነገረኝ። የእኔ ካርድ የእነሱ አይደለም፤ ነገሩ ግን ገባኝ።

የከፈልኩት የጽዳቱንና የምርመራውን ብቻ ነው፤ አንድ መካከለኛ ባነር ከምሠራበት ዋጋ ያነሰ።

አሁን ምን ጎደለኝ? ጌም አልጫወትም። ፎቶሾፕ ውስጥ አንዳንድ ኢፌክቶች ይዘገያሉ፤ ፕሪፈረንስ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ጋ ገብቶ የግራፊክስ ፕሮሰሰር ምልክቱን አጥፍቶልኛል፤ ክሮም ላይም ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚለውን (ሥራን ወደ ግራፊክሱ የሚያስተላልፈውን) ዘግቶታል። ዊንዶውስ በራሱ ድራይቨር እንዳያወርድም አድርጎታል፤ የተዘጋው ካርድ በዝማኔ ሰበብ እንዳይነሳ። አንድ ነገር አጥብቆ የመከረኝ፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ የባንክ ነገር በዚህ ላፕቶፕ እንዳልሠራና ፋይሎቼን በሌላ ሃርድ ዲስክ እንዳስቀምጥ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ሊሸጥልኝ አልሞከረም። ከሱቁ መደርደሪያ ላይ ግን የሚሸጡ ነበሩ!

እኔ እያለሁ አንድ አዛውንት አባት ላፕቶፕ ይዘው ገቡ። በኦሮምኛ አዋራቸውና ቻርጀራቸውን ብቻ ተቀብሎ ላፕቶፑን መለሰላቸው። ብልሽቱ ቻርጀሩ ላይ ነበር።

እንከኑንም ልንገር። ቀርፋፋ ነው፤ «ነገ» ካለ ነገ ላይሆን ይችላል፣ ምክንያቱም እስኪያጣራ አይለቅም። ሥራ ላይ ሲሆን ስልክ አያነሳም። ዓርብ እኩለ ቀን ለጁምዓ ስለሚሄድ ሱቁ ዝግ ነው። ስትሄዱ ቻርጀራችሁን ያዙ፣ ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ገልብጡ፣ የሚያጠፋው ፕሮግራም የትኛው እንደሆነም አስተውላችሁ ሂዱ፤ የመጀመሪያ ጥያቄው እሷ ናት።