ግድግዳን የሚያስቀድም የፎራሚኒፌራ ስላይድ ስብስብ
ፎራሚኒፌራ የተባሉት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት በቅሪተ አካልነት የሚታወቁት በዛጎላቸው ብቻ ስለሆነ፣ ለተማሪ የሚዘጋጅ የናሙና ስብስብ የሚመዘነው የዛጎሉን አሠራር ከውጭም ከውስጥም አጥርቶ በማሳየቱ ነው። ለማስተማሪያ የገዛሁት ይህ የስላይድ ስብስብ በዚህ መስፈርት ጥሩ ሥራ ነው።

ናሙናዎቹ የተደረደሩት በቅድሚያ በዛጎላቸው ግድግዳ ዓይነት ነው። ቴክስቱላሪያ የደለል ቅንጣቶችን አጣብቃ የሠራችው ሻካራ ግድግዳ፣ እንደ ነጭ ስኒ የለሰለሰው የኩዊንኬሎኩሊና ዛጎል፣ እንዲሁም በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳው የግሎቢጀሪና የካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን) ግድግዳ ጎን ለጎን ስለሚታዩ ተማሪው ልዩነቱን በዓይኑ ይረዳል። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልሲድ ዶርቢኚ እ.ኤ.አ. በ1826 ባወጣው ምደባ መሠረት ያደረገው ዛጎሉ የተከፋፈለባቸውን ክፍሎች አደራደር ነበር፤ ነገር ግን ክፍሎቻቸውን በሁለት ረድፍ የሚደረድሩት ቴክስቱላሪያና ቦሊቪና በግድግዳቸው ፈጽሞ ስለሚለያዩ አደራደር ብቻውን አይበቃም።

ከሁሉ የላቀው ክፍል ስስ ሆነው የተቆረጡት ናሙናዎች ናቸው። ትልልቅ ፎራሚኒፌራ የሆኑትን ኑሙላይትስንም ሆነ በፐርሚያን ዘመን ማብቂያ (ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) የጠፉትን ፉሱሊኒዶች ከውጭ አይቶ በእርግጠኝነት መለየት አዳጋች ነው፤ መለያቸው ያለው በጥምዙ፣ በክፍሎቹ መለያያ ግድግዳዎችና በመጀመሪያዋ ክፍል መጠን ላይ ነው። ስብስቡ ኑሙላይትስን በሁለት አቅጣጫ ቆርጦ ከማሳየቱም በላይ የአንዱን ዝርያ ሁለት ትውልዶች፣ ማለትም የመጀመሪያ ክፍሉ ትልቅ የሆነውን ትንሽ ዛጎልና የመጀመሪያ ክፍሉ እጅግ ትንሽ የሆነውን ትልቅ ዛጎል አብሮ አቅርቧል። እንዲህ ያሉ ጥንዶች ቀድሞ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ዝርያዎች ተብለው ይሰየሙ ስለነበር ይህ ምርጫ አስደስቶኛል።

ጉድለትም አለው። ናሙናዎቹ በሙሉ ሳይበላሹ የቆዩ ናቸው፤ በድንጋይ ውስጥ ግን ካልሳይቱ እንደገና ክሪስታል ሲሠራ ቀዳዳዎቹ ስለሚደፈኑ የግድግዳው ዓይነት ይጠፋል፤ ተማሪው መልመድ ያለበትም ይህንኑ ነው። አብሮት የመጣው መመሪያም ግድግዳን የመጨረሻ ፈራጅ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በዘረመል ጥናት ላይ ተመሥርቶ የቀረበው ምደባ ግን ለክፍሎቹ ቅርጽ ትልቅ ቦታ በመስጠት፣ ቴክስቱላሪያን ከግሎቢጀሪና ጋር በአንድ መደብ፣ ኩዊንኬሎኩሊናን በሌላ መደብ አስቀምጧል። ስለዚህ ስላይዶቹን ለመግዛት ማመንታት አያስፈልግም፤ መምህሩ ግን መመሪያውን ከማደሉ በፊት ስለዚህ ምደባ የሚያስረዳ ገጽ ቢጨምርበትና የተበላሹ ናሙናዎችን ከሌላ ቦታ ቢያሟላ እመክራለሁ።