የጌም ሄድፎንና ሳውንድ ካርድ፦ ገንዘቡ መጀመሪያ የት ይዋል?

በተኩስ ጌም ላይ ጠላት ከግድግዳ ጀርባ በየት በኩል እየመጣ እንደሆነ ቀድሞ የሚነግረን ጆሮ ነው። ለዚሁ ተብለው የሚሸጡ ዕቃዎች ደግሞ ሞልተዋል፤ መብራት የሚያበራ ሄድሴት፣ ካርቶኑ ላይ «7.1» በትልቁ የተጻፈበት፣ ቁልፍ የበዛበት ሳውንድ ካርድ። ከእነዚህ ሁሉ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ሄድፎኑ ነው። ከሳውንድ ካርዱ የሚጠበቀው የራሱን ጫጫታ እንዳይጨምር፣ ሄድፎኑን በበቂ ጉልበት እንዲነዳና የማይክን ድምፅ ጥርት አድርጎ እንዲቀበል ብቻ ነው። ስለዚህ ለሁለቱ ከተያዘው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ወደ ሄድፎን ይሂድ። ካርዱ የሚገዛው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ድምፅ ችግር እንዳለበት ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ክሪኤቲቭ እ.ኤ.አ. በ1998 ሳውንድ ብላስተር ላይቭን ሲያወጣ፣ የክፍል ማስተጋባትን የመሰለ ከባድ የድምፅ ስሌት የሚሠራው ካርዱ ላይ ባለው ቺፕ ነበር። በ2007 ገበያ ላይ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ግን አብዛኞቹ ጌሞች በቀጥታ ወደ ካርዱ የሚደርሱበትን መንገድ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ፕሮሰሰር ነው፤ ለዛሬ ፕሮሰሰር ደግሞ ቀላል ሥራ ነው። «ጌሙን ያፈጥናል» ተብሎ የሚሸጥ ሳውንድ ካርድ ካጋጠማችሁ እለፉት።

ጥሩ የጌም ሄድፎን ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ጆሮ አቅጣጫን እንዴት እንደሚለይ ማየት ይጠቅማል። ግራና ቀኝን የምንለየው ድምፁ ለአንደኛው ጆሮ ቀድሞ፣ ለሌላኛው ዘግይቶ ስለሚደርስ ነው፤ ልዩነቱ ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ወደ ራቀው ጆሮ የሚደርሰው ድምፅም ደከም ይላል። ፊትና ኋላን፣ ላይና ታችን ግን በዋናነት የምንለየው የጆሯችን ቅርጽ ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) በሚለዋውጥበት መንገድ ነው። ይህን ለውጥ አስመስለው የሚያሰሉ ጌሞች አሉ፤ ካውንተር ስትራይክ 2 እና ቫሎራንት ይጠቀሳሉ። ስሌቱ ኤችአርቲኤፍ ይባላል፤ ቫሎራንት ላይ ከድምፅ ሴቲንጉ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። ሄድፎኑ ትሬብሉ ላይ ጉድጓድ ካለው ወይም ግራና ቀኙ እኩል ካልጮኸ፣ ጌሙ በጥንቃቄ ያሰላው አቅጣጫ ጆሮ ጋ ሳይደርስ ይበላሻል። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) የተጋነነ ከሆነ ደግሞ አንድ ቦምብ በፈነዳ ቁጥር የጠላት ኮቴ ይዋጣል። ብዙ «የጌም» ሄድሴቶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ሲሞከሩ ቤዛቸው ያስደስታል፣ ጨዋታ ላይ ግን ዋናውን ድምፅ ይሸፍናል።

«7.1» የሚለውን፣ ማለትም ከሰባት ስፒከርና ከአንድ የቤዝ ስፒከር ዙሪያውን የሚመጣ ድምፅ የሚባለውን፣ እንዝጋው። አብዛኛው ሄድፎን በየጆሮው አንድ ስፒከር ነው ያለው፤ 7.1 የሚባለው በሶፍትዌር የሚሠራ ማስመሰል ነው። ጌሙ የራሱ ኤችአርቲኤፍ እያለው የሄድሴቱን 7.1 ወይም የዊንዶውስን የራሱን ማስመሰያ፣ ዊንዶውስ ሶኒክን፣ ደርባችሁ ካበራችሁ፣ አንዴ የተሰላው ድምፅ ሁለተኛ ይሰላል፤ ሁሉም ነገር ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደሚጮህ ይሆንና ፊትና ኋላ ይምታታል። ሕጉ አንድ ነው፦ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይብራ። ጌሙ የራሱ ካለው የጌሙ፣ ከሌለው የዊንዶውሱ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጀርባው ክፍት ይሁን ወይስ ድፍን የሚለው ነው። ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ድምፁ ውስጡ ስለማይታፈን ሰፋ ብሎ ይሰማል፤ ጆሮም ቶሎ አይሞቅም። ግን የውጭ ድምፅ ያስገባል፣ የራሱንም ያወጣል፤ ማይኩ ቅርብ ከሆነ የጌሙ ድምፅ ወደ ጓደኞቻችሁ ይፈሳል። ክፍሉ ጸጥ ያለ ከሆነ ክፍት ምረጡ። ማራገቢያ የሚጮህበት ወይም ሰው የሚያወራበት ክፍል ከሆነ ድፍኑ ይሻላል፤ መነጽር የሚያደርግ ሰው ግን የመነጽሩ ዘንግ ፓዱን ገፍቶ ክፍተት ስለሚፈጥር የድፍኑ ቤዝ ሊቀንስበት ይችላል፤ ቬሎር ጨርቅ የለበሰ ለስላሳ ፓድ ይህን ያቀልለዋል።

ከክፍቶቹ ውስጥ ለጌም ቀዳሚ ምርጫዬ ሰንሃይዘር ኤችዲ 560ኤስ ነው። ክብደቱ 240 ግራም፣ ኢምፒዳንሱ (ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ) 120 ኦህም ነው። ቤዙ የተጋነነ አይደለም፣ ትሬብሉም ሳያስቸግር ኮቴና የጥይት መቀየሪያ ድምፅን ለይቶ ያሳያል። ማይክ የለውም፤ ኬብሉ ሄድፎኑ ላይ የሚሰካው ጠመም ተደርጎ በሚቆለፍ 2.5 ሚሊሜትር ጃክ ስለሆነ ተራ ኬብል አይገባለትም። ለቪዲዮ ማጀቢያና ለፍንዳታ የሚንቀጠቀጥ ቤዝ የሚፈልግ ሰው ደረቅ ሊለው ይችላል።

ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ ባለ 250 ኦህሙ በጣም የሚወደስ ነው፤ ምስጋናው በከፊል ይገባዋል። ኮቴው እውነትም ጎልቶ ይወጣል፣ የቬሎር ፓዱም ምቹ ነው። ጎልቶ የሚወጣው ግን ትሬብሉ 8 ኪሎኸርዝ አካባቢ ስለተቆለለ ነው፤ ከሁለት ሰዓት ጨዋታ በኋላ የብርጭቆና የ«ስ» ድምፅ ጆሮ ይወጋል። ኢኳላይዘር ኤፒኦ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እዚያው ላይ ከ4 እስከ 6 ዴሲቤል መቀነስ ሄድፎኑን ሌላ ያደርገዋል። ትልቁ ቅሬታዬ ኬብሉ የማይነቀል መሆኑ ነው፤ ወንበር ረግጦት ከተበጠሰ ብየዳ ይፈልጋል።

የዚያው ድርጅት ዲቲ 770 ፕሮ ድፍን ነው፤ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦህም ይገኛል። ለኮምፒውተር 80ው ይበቃል። ፊሊፕስ ኤስኤችፒ 9500 ክፍት፣ ባለ 32 ኦህም፣ በቀላሉ የሚነዳ ነው፤ ጥልቅ ቤዝ የለውም፣ ግን ኬብሉ በተራ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ ስለሚነቀል ቪ-ሞዳ ቡምፕሮን የመሰለ ባለ ማይክ ኬብል ሰክቶ ወደ ሄድሴት መቀየር ይቻላል። ይህ ለጀማሪ ጥሩ መንገድ ነው። ሁሉንም በአንድ ዕቃ ለሚፈልግ ሃይፐርኤክስ ክላውድ 2 አለ፦ ድፍን፣ 60 ኦህም፣ ማይኩ የሚነቀል። አብሮት የሚመጣው ትንሹ የዩኤስቢ ካርድ ላይ ያለውን 7.1 ቁልፍ አጥፍታችሁ ተጠቀሙበት።

ብሉቱዝን ለፉክክር ጨዋታ አልመክርም። በተለመደው ብሉቱዝ ድምፁ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊዘገይ ይችላል፤ ማይኩ ሲከፈት ደግሞ ድምፁ ወደ ስልክ ጥሪ ጥራት ይወርዳል። ገመድ አልባ የግድ ከሆነ የራሱን የዩኤስቢ መቀበያ ይዞ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራውን ውሰዱ።

አሁን ወደ ሳውንድ ካርድ። ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን ፈትሹ። ሄድፎኑን ኬዙ ፊት ለፊት ባለው ጃክ ሰክታችሁ ቮልዩሙን በምትጫወቱበት ልክ አድርጉ፤ ምንም ድምፅ ሳይከፈት ማውሱን ክብ እያዞራችሁ፣ ረጅም ገጽ ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሳችሁ አዳምጡ። ከዚያ ጌም ከፍታችሁ የጌሙን ድምፅ ብቻ ዜሮ አድርጉት። ማውሱ ሲንቀሳቀስ «ዝዝዝ» የሚል፣ ጌሙ ሲከፈት ደግሞ ወደ ቀጭን ፉጨት የሚቀየር ድምፅ ከሰማችሁ የግራፊክስ ካርዱና የፓወር ሰፕላዩ ጫጫታ ነው። ከፊተኛው ጃክ እስከ ማዘርቦርዱ ያለው ቀጭን ሽቦ ብዙ ጊዜ በግራፊክስ ካርዱ ሥር ስለሚያልፍ ጫጫታውን ይሰበስባል። ሄድፎኑን ወደ ኋለኛው አረንጓዴ ጃክ ቀይሩትና ድገሙት። ጠፋ? ካርድ አያስፈልጋችሁም። አልጠፋም? የዩኤስቢ ካርድ ያስፈልጋል።

ኋለኛው ጃክ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ለስፒከር ታስቦ የተሠራ ስለሆነ በአንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ የመውጫ ኢምፒዳንሱ 75 ኦህም ይደርሳል። ባለ 32 ኦህም ሄድፎን እዚያ ላይ ሲሰካ ከሚወጣው ቮልት ሄድፎኑ ጋ የሚደርሰው ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ 32 ለ107 ሲካፈል 0.3 ነው። ይህ 10 ዴሲቤል ያህል ማጣት ነው። ከዚህ የሚብሰው፣ ኢምፒዳንሱ ከድምፅ ድምፅ የሚለዋወጥ ሄድፎን ከሆነ ቤዙ ያብጣል፤ እንደገና ኮቴው ይዋጣል። የሚሠራበት ደንብ የካርዱ መውጫ ኢምፒዳንስ ከሄድፎኑ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ነው፤ ለ32 ኦህም ሄድፎን ከ4 ኦህም በታች ማለት ነው።

ጉልበትን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚያየው ኦህሙን ነው፤ ሴንሲቲቪቲውን (በተሰጠው ጉልበት ምን ያህል እንደሚጮህ) ያላየ ግን ይሳሳታል። ኤችዲ 560ኤስ በ1 ቮልት 110 ዴሲቤል ያወጣል። ባለ 250 ኦህሙ ዲቲ 990 በ1 ሚሊዋት፣ ማለትም በ0.5 ቮልት፣ 96 ዴሲቤል ነው፤ 1 ቮልት ብትሰጡት 102 ይደርሳል። ያንኑ 110 ለማግኘት 2.5 ቮልት ይጠይቃል። 1 ቮልት የሚያወጣ ትንሽ ዕቃ ለመጀመሪያው ከበቂ በላይ ነው፤ ለሁለተኛው ጸጥ ባለ ትዕይንት ላይ ቮልዩሙ እስከ ጥግ ሄዶ ያልቃል።

አፕል ለስልክ የሚሸጠው ከዩኤስቢ-ሲ ወደ 3.5 የሚቀይረው አጭር ገመድ በውስጡ ሙሉ ሳውንድ ካርድ አለው፦ 1 ቮልት ገደማ፣ የመውጫ ኢምፒዳንሱ 1 ኦህም አካባቢ፣ ዊንዶውስ ላይ ያለ ድራይቨር ይሠራል። ለአውሮፓ ገበያ የሚወጣው ግን ግማሹን ቮልት ብቻ ስለሚሰጥ ሲገዛ ይጣራ። ለ560ኤስና ለ9500 ከዚህ በላይ ማውጣት አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ዲቲ 990 ላለው ሰው ሳውንድ ብላስተርኤክስ ጂ6 ተገቢ ነው። በ2018 የወጣ የዩኤስቢ ካርድ ነው፤ የመውጫ ኢምፒዳንሱ 1 ኦህም፣ እስከ 600 ኦህም ሄድፎን ይነዳል፣ የጉልበት ደረጃውም ሁለት ነው። ለ250 ኦህም ከፍተኛውን፣ ለ32 ዝቅተኛውን ተጠቀሙ። ስካውት ሞድ የሚባለው ቁልፍ ደካማውን ድምፅ ያጎላል፤ ኮቴ ይሰማል፣ ሩቁና ቅርቡ ግን እኩል ስለሚሆን ርቀት መገመት ይከብዳል። ተዉት። የሚሰካው በማይክሮ ዩኤስቢ ነውና ገመዱ እንዳይጎተት አድርጋችሁ አስቀምጡት። ኬዝ ውስጥ የሚገባው ሳውንድ ብላስተር ኤኢ-5ም ጥሩ ድምፅ አለው፤ የዛሬ ግራፊክስ ካርዶች ግን ወፍራም ስለሆኑ ቀዳዳውን ይሸፍኑታል፣ ወይ ካርዱ ማራገቢያቸው ሥር ተጠግቶ አየር ይዘጋል። አዲስ ለሚገዛ ሰው የዩኤስቢውን እመርጣለሁ።

ካርዱ ከመጣ በኋላ ዩኤስቢውን በሃብ ሳይሆን በቀጥታ ኬዙ ኋላ ሰኩት፤ ቋ ቋ የሚል መቆራረጥ ብዙ ጊዜ ከሃብ ነው የሚመጣው። በዊንዶውስ የድምፅ ሴቲንግ ስቴሪዮ፣ 24 ቢትና 48000 ኸርዝ ምረጡ፤ የድምፅ ማሻሻያ የሚባሉትን አጥፉ። ማይክ ያለው ሄድሴት ጃኩ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ካለውና ካርዱ ለማይክና ለሄድፎን የተለያየ ቀዳዳ ከሆነ መክፈያ ገመድ ያስፈልጋል። ሰው ሲናገር ድምፁ ሩቅና ባዶ ሆኖ ሙዚቃው ብቻ በጎን በጎን የሚሰማ ከሆነ ሄድፎኑ አልተበላሸም፤ ጃኩ እስከ መጨረሻው ስላልገባ የጋራው መስመር አልነካም፣ ጫን አድርጉት። ከጓደኛ ጋር ማውራት ስትጀምሩ የጌሙ ድምፅ በድንገት የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ያው የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ኮሙኒኬሽን በሚለው ገጽ ላይ ሌላውን ድምፅ በ80 በመቶ ቀንስ የሚለው ተመርጦ ነው፤ «ምንም አታድርግ» ወደሚለው ቀይሩት።