ኮንቨርስ ቸክ 70፦ የበጋ ጫማ

ተራውን ኮንቨርስ ለሚያውቅ ሰው የቸክ 70 ልዩነት ገና በእጅ ሲያዝ ይታወቃል። ሸራው 12 አውንስ የሚባለው ወፍራሙ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዙሪያውን የያዘው ጎማ ከፍ ያለና የሚያብረቀርቅ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ቀለሙ ወደ ክሬም ያደላል። ተረከዙ ላይ ያለችው ምልክት ጥቁር ናት። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ስትገዙ መጀመሪያ ይህችን እዩ፤ ነጭ ከሆነች የቀረበላችሁ ተራው ነው፣ ወይም ፎርጅድ።

ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ2013 ቢወጣም መልኩ የ1970ዎቹ ነው፤ የዘሩ መነሻ ደግሞ በ1917 የወጣው ኦል ስታር። አዲስ ነገር ያለው ውስጡ ነው፤ ስፖንጁ ወፍሯል፣ ቀኑን ሙሉ ለሚቆም ሰው ለውጡ ይሰማዋል። ሶሉ ግን እንደ ድሮው ዝርግ ነው። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ዊልት ቻምበርሌን በ1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ያስቆጠረው በኮንቨርስ ነው ብላችሁ ሲሚንቶ ሜዳ እንዳትገቡበት፤ ዘላችሁ ስትወርዱ ምቱን የሚቀበለው ጉልበታችሁ ነው፣ ረጅሙ አንገትም ሸራ እንጂ ድጋፍ አይደለም።

ቁጥሩ ሰፋ ይላል፤ 42 የሚያደርግ 41.5 ይሞክር። እግሩ ሰፊ የሆነ ግን በቁጥሩ ይግዛ፣ ጣት ላይ ጠባብ ነው።

ክረምት ላይ አይሆንም። የጎጃም ዋልካ የሶሉን ደቃቅ ቅርጽ ሞልቶ ያንሸራትታል፤ በውስጥ ጎኑ ያሉት ሁለት የአየር ቀዳዳዎችም ውኃ ያስገባሉ። መጀመሪያ የሚላቀቀው ጣት የሚታጠፍበት ላይ ጎማውና ሸራው የተጣበቁበት ነው፤ ዘፍዝፎ ማሳደርና ፀሐይ ላይ ማስጣት ያፋጥነዋል። ከተላቀቀ ቶሎ አታሰፉት፣ የመርፌው ቀዳዳ ውኃ ያስገባል። በደንብ አድርቃችሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ፣ ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቃችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑት።

ጭቃውን ከደረቀ በኋላ አራግፉ፤ እርጥቡን ማሸት ሸራው ውስጥ ማስገባት ነው። ክሩን አውጥታችሁ በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ላርጎ በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ፤ በረኪና አይንካው። አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቁ፣ የቀረ ሳሙና ሲደርቅ ቢጫ ይሆናል። ነጩን በሶፍት ጠቅልላችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፤ ቢጫው ከሸራው ይልቅ ሶፍቱ ላይ ይቀራል።