ኮምቦልቻ የሚከራይ ቤት ለምትፈልጉ፦ አንድ ታማኝ ደላላ ልጠቁማችሁ

ይህን የምጽፈው ቤት ያገኙልንን ደላላ በአደባባይ ለማመስገን ነው። ደላላ ሲመሰገን መስማት እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል፤ እኚህ ሰው ግን ይገባቸዋል። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። እኛ ቤት ጋሼ ነው የሚባሉት፣ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ባለቤቴ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ካገኘ ወዲህ ኑሯችን በደሴና በኮምቦልቻ ለሁለት ተከፍሎ ቆይቶ ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከል ያለውን የሐረጎን ተራራ በክረምት ጉም የወረደ ሰው ግን ያ መንገድ በኪሎ ሜትር እንደማይለካ ያውቃል። ስለዚህ ጠቅልለን ለመውረድ ወሰንን። ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች አሉ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚያው ነው። ቤት ፈላጊው ብዙ ነው፤ ፈላጊ በበዛበት ደግሞ አጭበርባሪ አይጠፋም። ለማሳያ ብለው ገንዘብ ተቀብለው የተያዘ ቤት ያሳዩን አሉ። ቁልፍ እንኳ ሳይኖራቸው በመስኮት አሳይተው «ዛሬ ካልያዛችሁት ነገ አታገኙትም» ያሉንም አሉ።

ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ገንዘብ አልነበረም። «እንጀራ ትጋግሪያለሽ ወይስ ትገዣለሽ?» አሉኝ። እጋግራለሁ ስላቸው የግል ቆጣሪ የሌላቸውን ቤቶች በሙሉ ተዉአቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይወስዳል፤ አንድ ቆጣሪ ለሦስት ተከራይ በሆነበት ግቢ ምጣድ በተጣደ ቁጥር መብራት ይጠፋል፣ ሒሳቡ ሲመጣም ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ይህን ሁሉ አንድም ቤት ሳያሳዩን በፊት አስረዱን።

በመሃል በጣም የወደድነው ቤት ተገኘ። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፣ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ መስኮቱ ወደ ተራራው ይከፈታል። ያየነው በጠዋት ነበርና ነፋሻ ነው። ባለቤቴ ቀብድ እንክፈል ሲል ጋሼ «አብሽሩ ልጆቼ፣ ቤቱ የትም አይሄድም፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተመልሰን እንየው» አሉ። በ9 ሰዓት በሩ ሲከፈት ከጣሪያው ቆርቆሮ የሚወርደው ሙቀት ተቀበለን። «መዳፍሽን ግድግዳው ላይ አሳርፊው» አሉኝ። ይፋጃል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ፤ ከብርድ የወረደ ሰው ይህን ልዩነት የሚያውቀው ገብቶ ማደር ሲጀምር ነው። ጋሼ ሕፃን እንዳለን ያውቃሉ፤ «ለልጁ አይሆንም» ብለው ቤቱን እርሳቸው ራሳቸው ከለከሉን። ዝም ቢሉ ኖሮ በዚያው ቀን ክፍያቸውን ይቀበሉ ነበር። ለእኔ የሰውየው ሐቀኝነት የታየው እዚህ ላይ ነው፤ ለሌሎች ስጠቁማቸውም የምተማመነው በዚህ ነው።

አሁን ያለንበት አንደኛ ፎቅ ነው፣ ጥላ አለው። እዚያም ቢሆን ጋሼ ዝም ብለው አላስገቡንም። ቧንቧውን ከፈቱ፣ ሮቶውን አዩ፣ የመጨረሻውን የውሃና የመብራት ደረሰኝ አስመጥተው ውዝፍ አለመኖሩን አረጋገጡ። ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ግን አከራይዋን ሳይሆን የጎረቤት ሴት ነው የጠየቁት። ምክንያታቸውን ስጠይቅ «ባለቤቱ ቤቱን ማከራየት ይፈልጋል፣ ጎረቤት ግን አብራሽ ውሃ ትጠብቃለች» አሉኝ።

አከራይዋ እናት የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ጠይቀው ነበር። ጋሼ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አስረዷቸው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲከፈል ይላል። «ለእርስዎም ይሻላል እትዬ፣ ኪራይዎ በደረሰኝ ይታወቃል» አሏቸው። እሳቸውም ቅር ሳይላቸው ተስማሙ፤ ዛሬ እኔና እሳቸው አብረን ቡና እንጠጣለን።

የድለላ ክፍያቸውን የተቀበሉት ውሉ ተፈርሞ ቁልፉ እጃችን ከገባ በኋላ ነው፤ ከተነጋገርነው ላይ አንዲት ብር አልጨመሩም። ከገባን በኋላም የበሩ ቁልፍ ሲያስቸግረን ሠራተኛ ይዘው መጥተዋል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ አይቸኩሉም። ዛሬ ደውላችሁ ነገ ለመግባት የምትፈልጉ ከሆነ ላይመቿችሁ ይችላሉ። አርብ በጁምዓ ሰዓት ስልክ አያነሱም፤ ከሰላት በኋላ ደውሉላቸው። የምትፈልጓቸው ሰዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ስለሰጡኝ ስልካቸውን እልክላችኋለሁ። ስትደውሉ የቤተሰባችሁን ብዛት፣ የሥራ ቦታችሁ የት እንደሆነና ቤት ውስጥ እንጀራ ትጋግሩ እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ጋሼ፣ ልጆቼ አባታቸውን በየማታው የሚያገኙት በእርስዎ ድካም ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።