የ«ወርቅ ደረጃ» ፓወር ሰፕላይ ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ወር ለጽሕፈትና ለኮፒ ቤቴ አራት የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን ኃይል ለኮምፒውተሩ እንዲስማማ አድርጎ የሚለውጠውን ሣጥን) ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ «600 ዋት» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም ዕቃው ኃይል ብዙ እንደማያባክን የሚመሰክረው የ«80 ፕላስ» የወርቅ ደረጃ ምልክት ታትሟል። ሻጩ «የመብራት ሒሳብዎን በግማሽ ይቀንሳል» ስላለኝ ለእያንዳንዱ ከተራው 1,500 ብር አስበልጬ ከፈልኩ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ባለበት በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ማንን አያጓጓም?

የቆጣሪው ካርድ ግን እንደ ወትሮው ያልቅ ጀመር። ከጓደኛዬ ሶኬት ላይ የሚሰካ የኃይል መለኪያ ተውሼ አንዱን ኮምፒውተር ለካሁት። በአሮጌው ፓወር ሰፕላይ 118 ዋት ይስብ የነበረው በአዲሱ «ወርቅ» 121 ዋት ሳበ። ጓደኛዬ የራሱን እውነተኛ ባለ 450 ዋት የወርቅ ደረጃ አምጥቶ ሲገጥምልኝ መለኪያው 96 ላይ ቆመ። ኮምፒውተሩ ያው ነው፣ ሥራውም ያው ነው።

25 ዋት ትንሽ ይመስላል። በቀን 12 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ለሚሠራ ኮምፒውተር ግን 90 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ለአራቱ 360። ይህን ሁሉ ኃይል ከፍዬበት አንድ ገጽ እንኳ አልተጻፈበትም፤ 220 ቮልቱ ኮምፒውተሩ ወደሚጠቀምበት 12 ቮልት ሲለወጥ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ደግሞም ልብ በሉ፤ እውነተኛው ራሱ የቀነሰልኝ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው፣ ያውም ከኮምፒውተሩ ፍጆታ እንጂ ከኮፒ ማሽኑና ከስክሪኑ አይደለም። «በግማሽ» የሚላችሁ ሻጭ ዕቃው እውነተኛ ቢሆን እንኳ እየዋሸ ነው።

ማታለሉ ከጀርባው የተለጠፈው ሰንጠረዥ ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ እኔ አላነበብኩትም። የዛሬ ኮምፒውተር ኃይሉን በአብዛኛው የሚወስደው ከ12 ቮልት መስመር ነው። የእኔው 12 ቮልት ላይ 18 አምፔር ይላል፤ ሁለቱን ስታባዙ 216 ዋት ነው። ታዲያ 600ው ከየት መጣ? እውነተኛ ባለ 600 ዋት በዚህ መስመር ከ45 አምፔር በላይ ይሰጣል።

ሁለተኛው የሐሰተኛነት ምልክት 115 እና 230 የሚል ቀይ የቮልቴጅ መምረጫ ነው። የ80 ፕላስ ፈተና የኃይል ፋክተር (ቮልቱና አምፔሩ ሲባዙ ከሚሰጡት ውስጥ ትክክለኛው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር) ቢያንስ 0.9 እንዲሆን ይጠይቃል። ይህን የሚያሟሉት ቮልቴጁን ራሳቸው ስለሚለዩ እንዲህ ያለ መምረጫ አያስፈልጋቸውም። «ወርቅ» ተብሎ ቀይ መምረጫ ካያችሁበት ትታችሁት ውጡ። መምረጫው በስህተት 115 ላይ ተቀምጦ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ ደግሞ ይፈነዳል፤ ይህ ከገንዘቡም የከፋ ነው።

80 ፕላስ በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ የምስክር ወረቀት ነው፤ ፈተናውን ያለፉት ሞዴሎች ዝርዝር በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ነው። ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ቆማችሁ የሞዴሉን ቁጥር በስልካችሁ ፈልጉ። የእኔው የለም። «85 ፕላስ» የሚል ምልክት ካያችሁ ፍለጋም አያስፈልጋችሁም፤ እንዲህ የሚባል ደረጃ የለም።

የዋቱን ቁጥርም አታሳድዱ። ባለ 600 ዋት ፓወር ሰፕላይ የሚስበው ኮምፒውተሩ የጠየቀውንና በመለወጥ የሚባክነውን ብቻ ነው፤ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ በታች ሲሠራ ግን ብቃቱ ይቀንሳል። 100 ዋት ለማይሞላ የቢሮ ኮምፒውተር እውነተኛ ባለ 300 ወይም 400 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ቤት ውስጥ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ለምትከፍቱት ደግሞ ልዩነቱ ያን ያህል ስለማይሆን፣ ስለ ደረጃው ከመጨነቅ ይልቅ ሐሰተኛ አለመሆኑን አረጋግጡ።

ዕቃዎቹን ይዤ ስመለስ «አንዴ ከተከፈተ አይመለስም» ተባልኩ። በእጅ የተጻፈው ደረሰኝ «ፓወር ሰፕላይ 4» ከማለት በቀር ሞዴልም ደረጃም አይጠቅስም፤ ስለዚህ የምከራከርበት ወረቀት አልነበረኝም። እናንተ ሞዴሉንና ደረጃውን ሳታስጽፉ ብር አትቁጠሩ። ትናንት በዚያ መንገድ ሳልፍ ካርቶኖቹ አሁንም መስኮቱ ላይ ተደርድረው ነበር።