የመንገድ ዳር መፋቂያ ለአፍ ጠረን፦ የሚሠራውና የሚተወው

በአዲስ አበባ ታክሲ ተራዎችና አውራ ጎዳናዎች ዳር በእቅፍ ተይዞ የሚሸጠው መፋቂያ በጥቂት ብር ከሚገኙ የአፍ ንጽሕና መጠበቂያዎች ሁሉ የተሻለው ነው። በአግባቡ የተያዘ መፋቂያ የጥርስን የውጭ ገጽ በማጽዳት ከብሩሽ አያንስም። ብዙ ሰው ግን የሚገዛው ለጥርሱ ንጣት ብቻ ሳይሆን ለአፉ ጠረንም ብሎ ነው። በዚህ በኩል መፋቂያው ግማሹን ሥራ ይሠራል፣ ግማሹን ይተዋል። የሚተወው ደግሞ ዋናው ሽታ የሚፈልቅበትን ቦታ ነው።

መጥፎ የአፍ ጠረን ከጨጓራ ይመጣል ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። አብዛኛው ጠረን ግን የሚነሣው ከዚያው ከአፍ ውስጥ ነው። አየር በደንብ በማይደርስበት ስርቻ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የምግብ ቅሪትን፣ የረገፈ የአፍ ቆዳንና የምራቅን ፕሮቲን ሲያበሰብሱ ድኝ ያለባቸው ጋዞች ይወጣሉ፤ ዋናዎቹ ሃይድሮጂን ሰልፋይድና ሜቲል ሜርካፕታን ናቸው። ስርቻዎቹ ሦስት ናቸው፦ የምላስ የኋላ ክፍል፣ የመንጋጋ ጥርሶች መካከልና የድድ ሥር። አንድ ዕቃ ለጠረን ይጠቅማል አይጠቅምም ስንል የምንመዝነው እነዚህ ጋ በመድረሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ እንጨቱ። በብዛት ለመፋቂያነት የሚቆረጡት ወይራ፣ ክትክታና ልምጭ ናቸው። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ጭራው (ታኝኮ እንደ ብሩሽ የሚበተነው ጫፉ) ቶሎ አይበጣጠስም፣ ነገር ግን ሳይለሰልስ ድድ ላይ ከዋለ ይቧጭራል። ልምጭ መዓዛ አለው፤ ምሬቱም ምራቅ ያመጣል። ድዱ ስስ ለሆነ ሰው ቀጭንና እርጥብ ቅርንጫፍ መምረጥ ከዛፉ ዓይነት ይበልጣል። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ያህል፣ ውፍረቱ ከእርሳስ እስከ ትንሿ ጣት ቢሆን በቂ ነው። ከዚያ የወፈረው ከጉንጭና ከመንጋጋ መካከል አይገባም፤ የቀጠነው ደግሞ ሲጫኑት ይታጠፋል።

ትኩስ መሆኑን ለማወቅ ጫፉን በጥፍር ጫን ማለት ነው። ልጡ በቀላሉ ከተላጠና ከሥሩ ያለው እርጥብ ከሆነ ትኩስ ነው። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር፣ ልጡ የተሸበሸበ ወይም ጫፉ የጠቆረ አይገዛ። ሻጩ ገና ትኩስ ነው ቢልም፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይና አቧራ ላይ የዋለ እቅፍ ከውስጥ ደርቋል። የደረቀ መፋቂያ ጭራው እንደ መርፌ ይቆማል፤ ድድ የሚያደማውም እሱ ነው። የገዙት ከደረቀ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ቢያድር ይመለሳል። ከማያውቁት ዛፍ ግን ራስ ቆርጦ መፋቅ አደገኛ ነው። ነጭ ወተት የሚወጣው ቅርንጫፍ፣ ቁልቋልን ጨምሮ፣ አፍን ያቃጥላል፤ ለጌጥ ከሚተከሉት መካከልም መርዛማ አለ።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው መጀመሪያውን ነው። መፋቂያው የሚሠራው በጭራው እንጂ በእንጨቱ አይደለም። ስለዚህ እንጨቱን አጥቦ ከጫፉ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲሜትር ልጡን መላጥ፣ ከዚያ የተላጠውን በመንጋጋ እያኘኩ ቃጫው ተለያይቶ ለስላሳ ብሩሽ እስኪሆን መጠበቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን መራራ ምራቅ መትፋት ይቻላል። ቀጥሎ ጭራውን ከድድ ጠርዝ ላይ አድርጎ ወደ ጥርሱ ጫፍ መጥረግ ነው፤ ከላይኛው ጥርስ ወደ ታች፣ ከታችኛው ወደ ላይ። ወደ ጎን እንደ መጋዝ መሳብ ድድን ወደ ኋላ ይገፋል። ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው በክራንቻና ከእሱ አጠገብ ባሉት ጥርሶች ላይ ነው፤ ሥራቸው ይገለጥና ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካቸው ይነዝራሉ። በቀኝ እጅ የሚፍቅ ሰው ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ በግራ ጎኑ ይብስበታል፤ እጁ የሚበረታው እዚያ ነውና።

መንገድ እየሄዱ ለአንድ ሰዓት መፋቅ ትርፍ የለውም። አምስት ደቂቃ ያህል በሥርዓት ከተዞረ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚፋቀው የተጸዳው የፊት ጥርስ ነው። ሥራው ሲያልቅ ያገለገለውን ጭራ መቁረጥና በማግሥቱ አዲስ ጫፍ መላጥ ይገባል። የትናንቱን ጭራ ኪስ ውስጥ ከቶ ዛሬ መልሶ መጠቀም ባክቴሪያውን ለባለቤቱ መመለስ ነው።

የመፋቂያው ትልቁ ጉድለት ከአሠራሩ የመጣ ነው። የብሩሽ ፀጉር ከእጀታው ጋር ማዕዘን ሠርቶ ስለሚቆም የጥርስን የውስጥ ገጽ ያገኛል። የመፋቂያ ጭራ ግን ከእንጨቱ ጋር ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው፤ በምላስ በኩል ያለውን ገጽና የመጨረሻዎቹን መንጋጋዎች ጀርባ ለማግኘት አፍን በጣም ከፍቶ እንጨቱን አጋድሞ መያዝ ይጠይቃል። ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው። ለዚህም ነው ጥርሱ ከፊት ሲያዩት የሚያበራ ሰው የታችኛው የፊት ጥርሱ ከውስጥ በጠጣር ቆሻሻ ተጋግሮ የሚገኘው። ያ ከደረቀ በኋላ መፋቂያም ብሩሽም አያነሣውም፤ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ማሳጠብ ብቻ ነው መፍትሔው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ውኃው ባለው ፍሎራይድ የበለዘ ጥርስም በመፋቅ አይነጣም። ቀለሙ ከጥርሱ ጋር አብሮ የበቀለ ስለሆነ ይህን አስቦ በጨው፣ በከሰል ወይም በአመድ መፈተግ የጥርሱን ሽፋን ከመጨረስ በቀር ጥቅም የለውም።

አሁን ወደ ምላስ። ለጠረን የሚጨነቅ ሰው ሌላ ምንም ባይጨምር ይህን ይጨምር። የምላስ ጀርባ ለስላሳ አይደለም፤ በጥቃቅን ጉብታዎች የተሞላ ነውና ነጭ ወይም ቢጫ ሽፋን ይይዛል፤ ጋዙ በብዛት የሚወጣው ከዚያ ነው። የመፋቂያ ጭራ ሽፋኑን ያንቀሳቅሰዋል እንጂ ጠርጎ አያወጣውም። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ግምገማም የምላስ መጥረጊያ የጠረን ጋዝን በመቀነስ ከብሩሽ በመጠኑ እንደሚሻል አይቷል፤ ውጤቱ ግን አጭር ጊዜ የሚቆይ ስለሆነ በየቀኑ መደገም አለበት። ከማይዝግ ብረት የተሠራው ቀስት መሰል መጥረጊያ ከፕላስቲኩ ይመረጣል፤ ይቀቀላል፣ ጠርዙም አይሻክርም። ካልተገኘ የሻይ ማንኪያ ገልብጦ መጠቀም ይቻላል፤ ማንኪያው ግን ለዚሁ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ። ምላስን አውጥቶ፣ መጥረጊያውን እስከሚቻለው ወደ ኋላ አስገብቶ፣ ሳይጫኑ ወደ ፊት መሳብና በየመሳቡ በውኃ ማለቅለቅ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይበቃል። ማስመለስ የሚፈታተነው ሰው በሚስብበት ጊዜ ትንፋሹን ወደ ውጭ ይልቀቅ፤ ደግሞም ከቁርስ በፊት ያድርገው። ምላሱ ከደማ ወይም ካቃጠለው ጫናው በዝቷል ማለት ነው።

የጥርስ መካከልንም መፋቂያ አያገኘውም። ጥሬ ሥጋ ወይም ጥብስ ከተበላ በኋላ የሚቀረውን ስቴኪኒ ያወጣል፤ ጥርሱና ጥርሱ የሚነካኩበትን ግን አያጸዳም፣ በኃይል ሲገፋም በጥርሶች መካከል ያለውን ድድ ያሳጥረዋል። ለዚህ የጥርስ ክር ነው የሚሻለው። 45 ሳንቲሜትር ያህል ቆርጦ በሁለቱ የመሐል ጣቶች ጠቅልሎ፣ በቀስታ እያወዛወዙ አስገብቶ፣ ጥርሱን አቅፎ ከድዱ ሥር ወደ ላይ መጥረግ። ከኋለኛው መንጋጋ የወጣውን ክር ወዲያው አሽትቶ ማየት ጠረን መኖር አለመኖሩን ከማንም ጥያቄ በላይ በግልጽ ይናገራል። መጀመሪያ ሰሞን ድዱ ሊደማ ይችላል፤ በየቀኑ እየተጸዳ ከሁለት ሳምንት በኋላም ካልቆመ ድዱ ታሟል ማለት ስለሆነ ሐኪም ይየው።

መፋቂያ ጥርስ እንዳይቦረቦር የሚከላከለው ፍሎራይድ በበቂ መጠን የለውም። የተቦረቦረ ጥርስ ምግብ ይዞ ስለሚሸት ይህ የጠረንም ጉዳይ ነው። ጠዋት መፋቂያ፣ ማታ ከመኝታ በፊት ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ለሁለት ደቂቃ መቦረሽ የምንመክረው አከፋፈል ነው። ሳሙናውን ከተፉ በኋላ አፍን በብዙ ውኃ አለመጉመጥመጥ ፍሎራይዱን ያቆየዋል።

መፋቂያ ከብሩሽ የሚበልጥበት ቦታ አንድ አለ፤ ምራቅ ማምጣቱ። ምራቅ አፍን የሚያጥበው ነገር ነው፤ በእንቅልፍ ሰዓት ስለሚቀንስ ነው ጠዋት አፍ የሚሸተው። እስከ 9 ሰዓት በሚጾም ሰው ላይም ይኸው ይደርሳል፤ በላዩ ጫት፣ ሲጋራና አልኮል ሲታከልበት ይብሳል። ጾመኛ ከመጨረሻው ምግብ በኋላ ምላሱንና የጥርሱን መካከል ካጸዳ የቀኑ ጠረን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሲፈታም ቀድሞ ውኃ ይጠጣ። በረመዳን ቀን ላይ ሲዋክ (ከአራክ ዛፍ የሚቆረጥ መፋቂያ) የሚጠቀሙም አሉ። በውጭ አገር ያሉ አንባቢዎች በገልፍ አገሮች ገበያ ታሽጎ የሚሸጠውን ይህንኑ ሲዋክ ማግኘት አይቸግራቸውም። ቃጫው ከወይራ ይለሰልሳል፣ ጣዕሙም ያቃጥላል፤ እሽጉ ከተከፈተ በኋላ ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ።

ቅርንፉድና ማስቲካ ጠረኑን ይሸፍኑታል፤ ስኳር የሌለው ማስቲካ ደግሞ ምራቅ ያመጣል። የነጭ ሽንኩርት ሽታ ግን ከደም ወደ ሳንባ አልፎ ስለሚወጣ መፋቂያም ሆነ መጉመጥመጫ አያቆመውም፤ ጊዜውን ጠብቆ ይጠፋል። ክሎርሄክሲዲን ያለበት መጉመጥመጫ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ሲረዝም ጥርስ ያበልዛል፣ ጣዕምም ያዛባል። ያለ ትእዛዝ በየቀኑ ለእሱ ከሚከፈለው ገንዘብ የምላስ መጥረጊያና የጥርስ ክር ቢገዛ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ተሠርቶ ጠረኑ ካልለቀቀ፣ በቶንሲል ጉድጓድ የሚጠራቀም ነጭ ፍርፋሪ፣ የሳይነስ ሕመም፣ አፍ የሚያደርቅ መድኃኒት ወይም ስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የጥርስ ሐኪም ድዱን በመለኪያ ይፈትሽ፤ ከድድ ሥር ከ4 ሚሊሜትር በላይ የጠለቀ ኪስ ካገኘ ሽታው ከዚያ ሊሆን ስለሚችል መፋቂያ መለወጡ አይፈታውም። ኪስ ካልተገኘ ወደ አንገት በላይ ሐኪም መሄድ ነው።