የኤምቲቲ ዱቄት ወይስ የኤምቲቲ ኪት? ለሴል መርዛማነት ምርመራ የሚገዛው ሪኤጀንት ሲመዘን

አንድ ኬሚካል ወይም የዕፅዋት ኤክስትራክት ሕያው ሴልን ይጎዳ እንደሆነ ለማወቅ ላብራቶሪዎች ከማንም በፊት የሚያዝዙት ኤምቲቲን ነው። ቢጫ ዱቄት ነው። ሕያው ሴል ውስጥ ሲገባ በሚቶኮንድሪያና በሳይቶፕላዝም ያሉ ኢንዛይሞች ውሃ የማያሟሟው ሐምራዊ ፎርማዛን ያደርጉታል፤ እሱን አሟሙቶ የቀለሙን ጥንካሬ በፕሌት ሪደር ማንበብ ብቻ ይቀራል። ቲም ሞስማን ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1983 ካሳተመ ወዲህ በዓለም ላይ ያልገባበት የሴል ካልቸር ክፍል የለም ማለት ይቻላል። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ዱቄቱን ግዙ፣ ኪቱን (ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ጥቅል) ተዉት። የዕፅዋት ኤክስትራክት የምትመረምሩ ከሆነ ግን ኤምቲቲን ብቻውን አትመኑት።

በዱቄቱ የሚሠራውን ሥራ እናስላ። መደበኛው ስቶክ (ቀድሞ ተሟሙቶ የሚቀመጠው ፈሳሽ) በአንድ ሚሊሊትር 5 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ 1 ግራም ዱቄት 200 ሚሊሊትር ስቶክ ይወጣዋል፤ በአንድ ዌል (የፕሌቱ ትንሽ ጉድጓድ) 10 ማይክሮሊትር ሲጨመር 20,000 ዌል፣ ማለትም ከ200 በላይ ባለ 96 ዌል ፕሌት ይሸፍናል። የሮሽ ኪት ደግሞ ለ2,500 ዌል ተብሎ ይሸጣል፤ በውስጡ ያለው 25 ሚሊሊትር የተዘጋጀ ስቶክ ነው፣ ወደ ዱቄት ሲመለስ 125 ሚሊግራም ብቻ። ከሱ ጋር የሚመጣው ማሟሚያም ምስጢር የለውም፦ 10 በመቶ ኤስዲኤስ (ሳሙና መሰል ኬሚካል) በ0.01 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። 10 ግራም ኤስዲኤስና 1 ሚሊሊትር ባለ 1 ሞላር አሲድ፣ በተጣራ ውሃ 100 ሚሊሊትር እስኪሞላ ድረስ፣ አለቀ። ኪቱ ጥሩ ምርት ነው፣ አይካድም፤ በእያንዳንዱ ጥቅል ወጥ ሆኖ ይመጣል። ግን በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛና ዕቃው ጉምሩክ ላይ ሊቆይ ለሚችል ላብራቶሪ የተዘጋጀ ፈሳሽ ማስመጣት ቅዝቃዜውን ጠብቆ ለማድረስ መጨነቅን ያስከትላል። ዱቄቱ ከብርሃንና ከእርጥበት እስከተጠበቀ ድረስ ጉዞውን በደንብ ይችላል። ሲታዘዝ የካስ ቁጥሩን (የኬሚካሉን መለያ ቁጥር)፣ 298-93-1፣ መጻፍ አይረሳ፤ ስማቸው የሚቀራረብ ሌሎች ቴትራዞሊየም ጨዎች አሉና።

ስቶኩን ማዘጋጀት ቀላል ቢመስልም ብዙው ብልሽት የሚጀምረው እዚህ ነው። 50 ሚሊግራም ዱቄት በ10 ሚሊሊትር ፒቢኤስ (ፎስፌት ያለበት የጨው ውሃ) ይሟሟል፣ በደንብ ይናጣል፣ ከዚያ በ0.2 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ይጣራል። ማጣራቱ ጀርም ለመከላከል ብቻ አይደለም፤ ያልሟሟ ቅንጣት ዌል ውስጥ ከገባ ንባቡን ያዛባል። በ1 ሚሊሊትር ከፋፍላችሁ በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልሉና በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ። መብራት በተደጋጋሚ የሚጠፋበት ቦታ ትንንሽ አድርጎ መክፈሉ ግዴታ ነው፣ የቀለጠና እንደገና የበረደ ስቶክ አያስተማምንም። ጥሩ ስቶክ ጥርት ያለ ቢጫ ነው። ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ግራጫ ካደላ ይጣል። ሌላው መፈተኛ ሴል በሌለበት ዌል ሚዲየም (ሴል የሚያድግበት ፈሳሽ) እና ኤምቲቲ ብቻ አድርጎ ማንበብ ነው፤ ንባቡ ከ0.1 ብዙ ካለፈ ስቶኩ ወይም ሚዲየሙ ችግር አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኤል929 (የአይጥ ፋይብሮብላስት) ወይም ሄፕጂ2 (የሰው ጉበት ካንሰር ሴል) የመሰሉ ተጣባቂ ሴሎች በአንድ ዌል ከ5,000 እስከ 10,000፣ በ100 ማይክሮሊትር ሚዲየም ይዘሩና 24 ሰዓት ይቀመጣሉ። ዳር ዳሩን ያሉት 36 ዌሎች ሴል አይዘራባቸውም፤ ፈሳሽ ቶሎ የሚተነው ከነሱ ስለሆነ ፒቢኤስ ይሞሉ። የሚመረመረው ኬሚካል ቢያንስ በስምንት ደረጃ ተቀጥኖ ይጨመራል። ኬሚካሉ የተሟሟው በዲኤምኤስኦ (ኦርጋኒክ ማሟሚያ ፈሳሽ) ከሆነ የዲኤምኤስኦው መጠን በሁሉም ዌል እኩል ይሁን፣ ከ0.5 በመቶም አይለፍ። ከ24 ሰዓት በኋላ 10 ማይክሮሊትር ኤምቲቲ ጨምሩ፣ በ37 ዲግሪ ከ2 እስከ 4 ሰዓት አቆዩ፣ ሚዲየሙን በቀስታ ምጠጡ፣ 100 ማይክሮሊትር ዲኤምኤስኦ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ አንቀጥቅጡ፣ በ570 ናኖሜትር አንብቡ፣ ማነጻጸሪያውን በ630 ወይም በ690 ቀንሱ። ያልተነኩት ሴሎች ንባብ ከ0.8 እስከ 1.2 መካከል ቢሆን ይመረጣል። ከ2 ሲበልጥ ቀለሙና የሴሉ ቁጥር አብረው መሄዳቸውን ያቆማሉ፤ መፍትሔው የሚዘራውን ሴል መቀነስ ወይም የኤምቲቲውን ሰዓት ማሳጠር ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ውጤት የሚበላው መምጠጡ ነው። ፎርማዛኑ በመርፌ ቅርጽ ከሴሉ ላይ ወጥቶ ይታያል፣ በማይክሮስኮፕ ካያችሁት ጸጉር ያበቀለ ይመስላል፣ በቀላሉም ተነቅሎ ከሚዲየሙ ጋር ይሄዳል። መርዝ የነካቸው ሴሎች ደግሞ ከፕሌቱ የላሉ ናቸው፤ ስለዚህ የሚጠፋው ክሪስታል በሁሉም ዌል እኩል አይደለም፣ መርዛማነቱም ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይነበባል። የፒፔቱን ጫፍ ወደ ዌሉ ግድግዳ አስጠግቶ 10 ወይም 20 ማይክሮሊትር ማስቀረት ይሻላል። እንደ ጁርካት ያሉ ተንሳፋፊ ሴሎች ከሆኑ መጀመሪያ ፕሌቱን በሴንትሪፉጅ ማሽከርከር፣ ካልሆነም መምጠጥ የማይጠይቀውን ኤስዲኤሱን ጨምሮ ሌሊቱን በ37 ዲግሪ ማሳደር ነው።

አዲስ አበባ ላለ ላብራቶሪ ሁለት ማሳሰቢያ። ዲኤምኤስኦ በ18.5 ዲግሪ ይረጋል፤ በክረምት ጠዋት ጠርሙሱ እንደ በረዶ ጠጥሮ ቢገኝ አልተበላሸም፣ በሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሙት። 10 በመቶ ኤስዲኤስም በቀዝቃዛ ክፍል ይደፈርስና ነጭ ዝቃጭ ያወጣል፤ በ37 ዲግሪ ጥርት ሳይል ዌል ውስጥ ከገባ ድፍርሱ ራሱ ብርሃን ይከለክልና ንባቡን ከፍ ያደርጋል። ከፍታውም አለ፦ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ በመሆኑ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሚዲየሙን የሚጠበቀውን ያህል አሲዳማ አያደርገውም፣ አልካላይን የሆነ ሚዲየም ደግሞ ኤምቲቲን ያለ ሴል ይቀይረዋል። ኢንኩቤተር ውስጥ ያደረ ሚዲየም ፒኤቹ ተለክቶ ወደ 7.4 እስኪመጣ ጋዙን ማስተካከል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ድክመቱ። ኤምቲቲን ወደ ሐምራዊ የሚቀይረው ሕያው ሴል ብቻ አይደለም። አስኮርቢክ አሲድ ይቀይረዋል፣ ኩዌርሰቲን ይቀይረዋል፣ የአረንጓዴ ሻይ ካቴኪኖች ይቀይሩታል፣ እንደ ግሉታታዮን ያሉ ድኝ ያላቸው ሞለኪውሎችም እንዲሁ። እነዚህ የሚበዙት በዕፅዋት ኤክስትራክት ነው። የሽፈራው ቅጠልን ውሰዱ፤ ቫይታሚን ሲም የኩዌርሰቲን ዘመዶችም አሉበት። እንዲህ ያለ ኤክስትራክት በከፍተኛ መጠን ሴሉን ገድሎት እንኳ በኤክስትራክቱ ያሉት ውሁዶች ራሳቸው ኤምቲቲውን ሐምራዊ ሊያደርጉት ይችላሉ። ፕሌት ሪደሩም «ሴሉ ደህና ነው» ይላል። ስህተቱ ወደ አደገኛው ወገን ያጋደለ ነው፤ መርዛማውን ጉዳት የለሽ ያስመስላል፣ ያ ውጤት ተጽፎ ሲወጣ ደግሞ ሰው የሚጠጣውን ነገር ይመለከታል። ስለዚህ ይህን ነጥብ በቸልታ የሚያልፍ ሥራ ሊታመን አይገባም እንላለን፣ የቱንም ያህል የሚያምር ግራፍ ቢኖረው።

መፈተኛው ግን ርካሽ ነው፣ አንድ ረድፍ ዌልና ሦስት ሰዓት ብቻ ይጠይቃል። ሴል በሌለበት ፕሌት ላይ ኤክስትራክቱን በምትጠቀሙበት መጠን ሁሉ በ100 ማይክሮሊትር ሚዲየም አድርጉ፣ 10 ማይክሮሊትር ኤምቲቲ ጨምሩ፣ በ37 ዲግሪ አቆዩ፣ እንደ ሌላው አሟሙታችሁ አንብቡ። ለማነጻጸሪያ አንድ ዌል ላይ 1 ሚሊሞላር አስኮርቢክ አሲድ ይሁን፤ እሱ ወደ ሐምራዊ ካልሄደ ፈተናው ራሱ አልሠራም። ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ኤክስትራክት ከሆነ ያለ ኤምቲቲም ይነበብ፣ የራሱ ቀለም በ570 ላይ ይደመራልና። የሚገኘው ንባብ ትንሽ ከሆነ ይቀነሳል። ካልተነኩት ሴሎች ንባብ ሩቡን ያህል ከደረሰ ግን መቀነስ አያዋጣም፣ ዘዴውን መቀየር ይሻላል። ኤምቲቲ ከመጨመሩ በፊት ሚዲየሙን አፍስሶ በፒቢኤስ ሁለት ጊዜ ማጠብ ችግሩን ያቃልለዋል፤ ሴሉ ውስጥ የገባውን ግን አያወጣውም።

ሁለተኛው ድክመት ኤምቲቲ የሚለካው የሴሉን የምግብ ቃጠሎ እንጂ ሞቱን አለመሆኑ ነው። ሴሉ ሳይሞት ሥራው ቢቀዘቅዝ ንባቡ ይወርዳል። ኤምቲቲ ሳያየው የሚያልፈው መርዝም ብዙ ነው፦ ሄፕጂ2 በ25 ሚሊሞላር ግሉኮስ ሲያድግ ኃይሉን ያለ ሚቶኮንድሪያ ማግኘት ስለሚችል የሚቶኮንድሪያ መርዝ ብዙም አይታይበትም፤ ግሉኮሱ በ10 ሚሊሞላር ጋላክቶስ ሲተካ ይጋለጣል። እንደ ፓራሲታሞል ጉበት ውስጥ ተለውጦ መርዝ የሚሆንም አለ፤ ሄፕጂ2 ለዚያ ለውጥ የሚያስፈልጉት ኢንዛይሞች በጣም ጥቂት ናቸው። የጓያ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የራቀ ነው፤ በውስጡ ያለው ቤታ ኦዳፕ የሚጎዳው የነርቭ ሴል ላይ ባሉ የግሉታሜት ተቀባዮች በኩል ነው፣ በጉበት ሴል ተፈትኖ «አይመርዝም» ቢባል ምንም አልተመረመረም ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ ምርመራ አብሮ መገዛት አለበት። የመጀመሪያ ምርጫችን ኤልዲኤች ነው፦ የሴሉ ሽፋን ሲቀደድ ወደ ሚዲየሙ የሚፈሰውን ኢንዛይም ይለካል። 50 ማይክሮሊትር ሚዲየም ከ50 ማይክሮሊትር ሪኤጀንት ጋር 30 ደቂቃ ይቆይና በ490 ናኖሜትር ይነበባል። ለእንዶድ ዓይነት ሳፖኒን (አረፋ የሚያወጣ የዕፅዋት ንጥረ ነገር) ለበዛበት ነገር ተስማሚ ነው፣ ሳፖኒን ሽፋኑን ስለሚበሳ ጉዳቱ ወዲያው ይታያል። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ ሴረም የራሱ ኤልዲኤች ስላለው ወደ 1 በመቶ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ኢንዛይሙም ሚዲየም ውስጥ በሰዓታት ስለሚዳከም ከ24 ሰዓት ለሚረዝም ምርመራ አይመረጥም። ኒውትራል ሬድ (ሕያው ሴል የሚወስደው ቀይ ማቅለሚያ) ይበልጥ ርካሽ ነው፤ በሚሊሊትር 50 ማይክሮግራም ተደርጎ 3 ሰዓት ይቆያል፣ 50 በመቶ ኤታኖልና 1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ባለው ውሃ ይወጣል፣ በ540 ይነበባል። ማቅለሚያው ሚዲየም ውስጥ ክሪስታል ስለሚሠራ ሌሊቱን በ37 ዲግሪ አሳድሮ ከዚያ ማጣራት ግድ ነው። ዶጂንዶ የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው ሲሲኬ-8 የተባለ የሕያውነት መመርመሪያ መምጠጥንም ማሟሟትንም ያስቀራል፣ በ450 ቀጥታ ይነበባል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል፣ በአስኮርቢክ አሲድ መታለሉም እንዳለ ነው።

የሕክምና ዕቃ ለሚመረምሩ አይሶ 10993-5 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ቁጥሮቹን ቆርጦ ይሰጣል፦ ኤል929 ሴል፣ በዌል 10,000፣ ኤምቲቲው በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ሆኖ 50 ማይክሮሊትር ለ2 ሰዓት፣ ማሟሚያው 100 ማይክሮሊትር አይሶፕሮፓኖል። የሴሉ ሕያውነት ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ዕቃው መርዛማ የመሆን አቅም አለው ይባላል። በፕሌቱ ግራና ቀኝ ያሉት ኮንትሮሎች (ሴል ያለባቸው፣ የሚመረመረው ነገር ግን ያልተጨመረባቸው) ከአማካያቸው ከ15 በመቶ በላይ ከራቁ ፕሌቱ አይቆጠርም። ይህ የግራና ቀኝ ማነጻጸሪያ ለማንኛውም ፕሌት ቢደረግ መልካም ነው፤ አዘራሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆኑን ወዲያው ይናገራል።

ዱቄቱ ሲመዘን ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ይደረግ፤ ቆዳና ዓይን ይቆጣል፣ ዘረመል ላይ ጉዳት ያደርሳል ተብሎም ይጠረጠራል። ፎርማዛን ያለበት ዲኤምኤስኦ ወደ ማጠቢያ አይፈስስም፤ ዲኤምኤስኦ የተሟሟበትን ነገር በቆዳ በኩል ያሳልፋልና ክዳን ባለው የብርጭቆ ጠርሙስ ተሰብስቦ ከኦርጋኒክ ፈሳሽ ቆሻሻ ጋር ይወገድ።